የባዮሎጂ ክበብ ዓመት፦ ከሽንኩርት እስከ ሰው ዘረመል

ዘንድሮ ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይሰበሰብ ነበር። አባላቱ 23 ናቸው። እኛ ዓመቱን ሙሉ የያዝነው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሰውን ዘረመል መለወጥ ከተቻለ፣ ይሁን ወይም ይቅር የሚለው ማን ነው?

የጀመርነው በሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርት ከትፈን፣ በጨውና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አሽተን፣ በጨርቅ አጠለልነው። ፍሪዘር ውስጥ ያደረ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ አድርገን ስናንቆረቁርበት ነጭ ነገር ተንሳፈፈ። አንዱ ተማሪ በስንጥር ጠቅልሎ አወጣውና «ባዘቶ ይመስላል!» አለ። ዘረመል የተጻፈበት ዲኤንኤ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘረመል ለልጆቹ የመጽሐፍ ቃል ብቻ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ ወደ ሰው መጣን። ክሪስፐር የተፈለገውን የዘረመል ቦታ ለይቶ የሚቆርጥ ዘዴ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ቻይናዊው ሳይንቲስት ሄ ጂያንኩይ ፅንስ ሳሉ በዚህ ዘዴ ዘረመላቸውን የነካካቸው መንትያ ሴቶች መወለዳቸውን አሳወቀ። ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ነው አለ። አባታቸው ቫይረሱ በደሙ ነበር፤ ግን ልጅ ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ የሚወለድበት ሌላ መንገድ ያኔም ነበር። ዓለም ጮኸ። ሰውየው ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ የፈረደበት ግን የሀገሩ ፍርድ ቤት ነው።

«ሌላ ሀገር ሄዶ ቢሠራውስ?» አለች አንዷ። የዩኔስኮ የ1990 ዓ.ም. መግለጫ የሰውን ዘረመል በምሳሌያዊ ትርጉሙ የሰው ልጆች ቅርስ ይለዋል፤ አስገዳጅ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ዓ.ም. ምክረ ሐሳብ አውጥቷል። ይመክራል እንጂ አያስርም። አንድ ልጅ ወዲያው «እንደ እምቦጭ ነዋ!» አለ። አንዱ ቀበሌ ነቅሎ ሌላው ከተወው ምን እንደሚሆን የጣና ልጅ አይጠፋውም። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. እንግሊዝ በዚሁ በክሪስፐር ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ የሚያክም ሕክምና ፈቀደች፤ አሜሪካም ተከተለች። ይህኛው የታማሚውን የራሱን ሕዋስ ነው የሚነካው፤ እንደ ፅንሱ ለውጥ ለልጅ አይተላለፍም። ደስ አለን። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን ስናነብ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

በመጋቢት ክርክር አደረግን። ልጆቹ «ከሰው ዘር ይጥፋ» የሚሉትን በሽታ ሰሌዳው ላይ ደረደሩ። አንዱ «አልቢኒዝም» ብሎ ጻፈ፤ ቆዳና ፀጉር ቀለም የሚያጡበት፣ ዓይንም የሚደክምበት የዘረመል ሁኔታ ነው። አልቢኒዝም ያለባት አባላችን ከመስኮቱ ራቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው። ተነሳች፣ ዳስተሩን አንስታ ቃሉን አጠፋችው። «እኔ የሚያስፈልገኝ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ነው። ሰሌዳው ላይ ጎላ ተደርጎ ይጻፍልኝ። ሳትጠይቁኝ ግን እኔን አትጻፉኝ» አለችና ተቀመጠች። ቃሉ ሲጻፍ እኔም ቆሜ እያየሁ ነበር፤ አላስቆምኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ዝርዝሩን በትልቅ ወረቀት እንደገና ሠራነው። ከበሽታው ስም ጎን «ማን ተጠየቀ?» የሚል ዓምድ ጨመርን። ለወላጆች ቀን ከቤተ ሙከራው በር ላይ ሰቀልነው፤ አሁንም እዚያው አለ። ዓምዱ አብዛኛው ባዶ ነው። ለ2018 የክበቡ ሰብሳቢ ሆና የተመረጠችው ያቺ ቃሉን ያጠፋችው ልጅ ናት። ምዝገባው በመስከረም ነው።