ለእማዬ፣ ስለ ጉልበትሽ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው «ብርድ ገብቶበት ነው፣ ይለቀኛል» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። በቴሌግራም ያስላክሽልኝን ራጅ አየሁት። ብርድ አይደለም። የጉልበትሽ ለስላሳ ሽፋን አልቆ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው።

ለፋሲካ ስመጣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አብረን ሄድን። በሩ ጋ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ቆምሽ። ግንቡን ተደግፈሽ ከተማውን የምታይ መሰልሽ። ሌላው እጅሽ ግን ከነጠላሽ ሥር ጉልበትሽን ጨብጦ ነበር።

ለምን መገጣጠሚያ መቀየር ላይ እንዳተኮርሁ ነግሬሽ አላውቅም። አያቴ ወጌሻ አልነበሩ? የተሰበረ እጅ ዳብሰው አጥንቱ የት እንደተላቀቀ ያውቁታል። በቀርከሃ ያስሩታል፣ ይድናል። የሴት አያቴን የእማማን ጉልበት ግን ስንት ዓመት በቅቤ አሹት፣ አልሆነም። እማማ ቅዳሴ እንደናፈቃቸው አልጋ ላይ ቀሩ። ስብራት ይጠገናል፤ ያለቀ መገጣጠሚያ ግን መቀየር አለበት። ይህን የተረዳሁት ሕክምና ስማር ነው፣ ለእማማ አልደረስሁም።

የማደንቀውን ሰው ልንገርሽ። ጆን ቻርንሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ዳሌ ይቀይር ነበር። መጀመሪያ የተጠቀመበት ቴፍሎን (መጥበሻ ላይ የሚቀባው) በጥቂት ዓመት ውስጥ ተበላ። ጥፋቱን አልደበቀም። ታካሚዎቹን ራሱ መልሶ ቀደዳቸው። በ1962 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጠንካራ ፕላስቲክ አገኘ። ዛሬም የዚያ ዘር ነው ጉልበት ውስጥ የምንከተው።

እግርሽ አይቆረጥም፣ እማዬ። የአጥንቱ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይላጋል፣ ብረት ይለብሳል፣ መሃሉ ላይ ፕላስቲኩ ይገባል። በማግሥቱ ደግፈን እናስነሳሻለን። አውስትራሊያና ፊንላንድ በያዙት መዝገብ ከ10 ጉልበት 8ቱ ያህል 25 ዓመት ይዘልቃሉ።

ሕመም ግን አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። የምፈራው ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ነው፤ ስኳርሽ ከፍ ካለ ደግሞ ይብሳል። መንበርከክም ብዙ ሰው ያስቸግረዋል። የስቅለቱን ስግደት ነገር ለንስሐ አባትሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው።

እኔ ቢላዋውን አልይዝም። እጄ በአንቺ ላይ አይጨክንም። የማምነው ባልደረባዬ ይሠራልሻል፣ እኔ ራስጌሽ እቆማለሁ።

ሰኞ ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ስኳርሽን ተለኪና ቁጥሩን ደውለሽ ንገሪኝ። ቀኑን ከዚያ እንቆርጣለን።

ልጅሽ