የትንንሾቹ የውይይት ክበብ፦ ጦሳ ላይ ያለ እረኛ ምን ያያል?

ክበባችን ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሲሰበሰብ ከረመ። አባላቱ 22 የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የዓመቱ ሥራችን ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ የታየኝ ለጎረቤቴም እንዲሁ ይታየዋል ወይ?

በብስኩት ካርቶን ጀመርን። ውስጡ ያለው ግን ጠመኔ ነው። ከፍቼ አሳየኋቸውና ዘጋሁት። "ውጭ ያለው ጓደኛችሁ ሲገባ ምን አለበት ይላል?" የእኛዎቹ "ብስኩት!" ብለው ሳቁ። አንዷ አባል ያመጣችው የሦስት ዓመት ወንድሟ ግን "ጠመኔ" አለ። ብንለው ብንለው ፍንክች የለም። እህቱ አፈረች። የሚያሳፍር ነገር ግን የለውም፤ ሰው የተሳሳተ ነገር ሊያምን እንደሚችል ልጆች የሚገባቸው በአብዛኛው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው።

የከበደን ተራራው ነው። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዣን ፒያዤና ባርበል ኢንሄልደር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ሥራ ላይ፣ ልጆችን የሦስት ተራሮች ሞዴል ፊት አስቀምጠው ማዶ ያለው አሻንጉሊት ምን እንደሚያይ ይጠይቃሉ። ትንንሾቹ የሚመርጡት ራሳቸው የሚያዩትን ነው። እኛም ከጭቃ በአንድ በኩል የጦሳን ተራራ፣ በሌላው አዝዋ ገደልን ሠራን። መሀል ላይ ደሴ በክብሪት ቀፎ ተደረደረች። "ጦሳ ላይ ያለ እረኛ ምን ያያል?"

"ጦሳን!" አለ አንዱ።

ክፍሉ ተንጫጫ። አያቷ እዚያ ላይ የሚኖሩ ልጅ ተነሳች። "እዚያ ሲወጣ ጦሳ የለም። የኛ ቆርቆሮ ነው የሚያብለጨልጨው።" እኔ ግማሽ ሰዓት ያስረዳሁትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

በጥር ኮምቦልቻ ወረድን። እኛ በሙቀት ሹራብ ስናወልቅ የእዚያ ልጆች ሹራብ ለብሰዋል። "አሟቸው ነው እንዴ ቲቸር?" አለኝ አንዱ። መልሱን ራሳቸው ይጠይቁ ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን የራሴን ልናገር። ከአባላቱ አንዱ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ፊደል ይዘላል። "አትከታተልም" እያልኩ ስቆጣው ነበር የከረምኩት። ግንቦት ላይ ቦታ የመቀያየር ጨዋታ ስንጫወት የእሱ ወንበር በዕጣ ለእኔ ደረሰኝ። ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሰሌዳው ላይ ትንቦገቦጋለች፤ ግማሹ ነጭ ብቻ ነው።

"አይታይም አይደል ቲቸር?"

"አይታይም" አልኩት። ዴስኩን ያኑ ዕለት አዛወርነው። ለመስከረም መጋረጃ ጠይቀናል።