መርዙ ይቅር፣ ቀዳዳው ይደፈን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዝመራው ተሰብስቦ የደምቢያ ጤፍና ሽምብራ ወደ ጎንደር ቤቶች ሲገባ አይጥም አብራ ትገባለች። ሌሊቱን ኮርኒሱ ሲንኮሻኮሽ የሰማ ሰው በማግስቱ መርዝ ገዝቶ በስንጥቁ ይወረውራል። ይህ ልማድ እንዲቀር አጥብቀን እንለምናለን።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መርዝ የበላች አይጥ የምትሞተው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ነው። እስከዚያ እጅ የማይደርስበት ጥግ ትወሸቃለች። ከዚያ ሽታው ነው፣ ዝንቡ ነው፤ እሷን ለማውጣት ኮርኒስ ማፍረስ ይመጣል። ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ደግሞ ሌላ ትተካለች። ከሁሉም የሚያስፈራን ግን ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ከአየር ትንሽ ስለሚከብድ በኮርኒሱ ስንጥቅ ወርዶ የተኙትን ያገኛቸዋል። ማርከሻ የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት አንድም ክኒን ቢሆን አይደረግ።

ሥራው የሚጀመረው ከቀዳዳው ነው። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይጥ ያስገባል፤ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። እኩለ ቀን ላይ መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉና ኮርኒስ ውስጥ ግቡ። እግራችሁ ሞራሌው ላይ ብቻ ይረፍ፤ ቺፕውዱም አቡጀዲውም ሰው አይችልም። ጨለማው ውስጥ ጥቂት ስትቆዩ የፀሐይ ብርሃን የሚያስገባው ቦታ ሁሉ ይታያችኋል። አብዛኛው ከግድግዳው አናት ላይ ነው፦ የቆርቆሮው እጥፋት ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ግማሽ ክብ ክፍተት ይተዋል፣ ብዙ ግንበኛም ሳይደፍነው ይወርዳል። አይጧ የምትመላለስበት ቀዳዳ ጠርዙ በጠጉሯ ቅባት ጠቁሯል፣ አጠገቡም የሩዝ ፍሬ የሚያህል ኩስ አለ። ኩሱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ያስቸገራችሁ ትልቁ አይጥ ነው።

በጭቃ ወይም በፎም መድፈን ከንቱ ድካም ነው፤ ቦርቡራ ትገባለች። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ክፍተቱ ውስጥ አጥብቃችሁ ጠቅጥቁ፣ በላዩ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ3 እጅ አሸዋ አቡክታችሁ ለስኑት። የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶው ብቻውን አይይዝም፣ ሲደርቅ ይላቀቃል። እዚያ መጀመሪያ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ የሽቦ ወንፊት በሚስማር ምቱ፣ ከዚያ ለስኑ። የአየር መተንፈሻውንም በዚሁ ወንፊት ሸፍኑት እንጂ አትድፈኑት፤ በክረምት ጣውላው ይሻግታል። እግረ መንገዳችሁን ሽቦዎቹን ተመልከቱ። ልባሱ የተጋጠ ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ የሚታለፍ አይደለም፣ እሳት ያስነሳል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይቀይረው።

ውስጥ የቀሩት የሚያዙት በወጥመድ ነው። አይጥ መሀል ለመሀል አትሄድም፣ ጥግ ጥጉን ነው የምትሄደው። ስለዚህ ባለ ስፕሪንጉን የእንጨት ወጥመድ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጋችሁ፣ በየ2 ሜትሩ አስቀምጡ። ለአንድ ቤት 6 ቢሆን ጥሩ ነው፤ 1 ወይም 2 ማስቀመጥ ቀን ማባከን ነው። የለውዝ ቅቤ የአተር ፍሬ ታህል ብቻ ቀቡ። አብዝቶ የሚቀባ ሰው አይጧ ከዳር ዳሩ ልሳ ስትሄድ ወጥመዱን ይረግማል። ጎጆ የምትሠራ እናት ከምግብ ይልቅ ፈትል ትወዳለች፤ ቁራጭ ጥጥ ማስፈንጠሪያው ላይ አስራችሁ ሞክሩ። ትንሿ አይጥ አዲስ ነገር አትፈራም፣ ትልቁ ግን ይጠራጠራል፦ ለሱ 3 ሌሊት ሳይጠመድ ምግቡ ብቻ ይቀመጥለት፣ በአራተኛው ይጠመድ። ወጥመዱን በቀጭን ሽቦ ከሞራሌው ጋር እሰሩት፣ አለበለዚያ ይዞት ይጠፋል። እናቲቱ በ3 ሳምንት ከ5 እስከ 8 ስለምትወልድ፣ ልጆቿም በ6 ሳምንት ስለሚደርሱ፣ አንድ ሌሊት ጸጥ አለ ብላችሁ አታንሱት። ኮርኒሱ 2 ሳምንት ድምፅ ሳያሰማ ይክረም።

እህሉ በማዳበሪያ ከሆነ ድካሙ ሁሉ ውሃ በላው። ክዳን ያለው የብረት በርሜል ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችን የውሃው በርሜልም መከደን አለበት፤ ትልቁ አይጥ ውሃ በየቀኑ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ብቻን አይሆንም። በአንድ ጣሪያ ሥር በተርታ በተሠሩት የቆዩ ቤቶች አካፋዩ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ያበቃል፣ ከላይ ያለው ክፍተት የሁሉም ነው። እርስዎ ሲያጠምዱ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፣ እሳቸው ሲያጠምዱ ትመለሳለች። ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት አጥምዱ፤ ከአካፋዩ ግድግዳ በላይ ያለውንም በቆርቆሮ ዝጉት። የቤት ባለንብረቶች ለዚህ ፈቃድ አትከልክሉ።

በመጨረሻ ኩሱን በደረቁ አትጥረጉ፤ ብናኙ በአፍንጫ ገብቶ በሽታ ያመጣል። ግማሽ ሰዓት አናፍሱ፣ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ 1 ስኒ በረኪና በ9 ስኒ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበት። ከ5 ደቂቃ በኋላ በጨርቅ አንስታችሁ፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። ሽቦ ባለበት ቦታ እርጥቡ ጨርቅ ይበቃል፤ መብራቱም ሁሉም ሳይደርቅ አይመለስ።

ከአናጺዎች፣ ጎንደር