ችካሉ ሳይተከል በፊት

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አራት ዓመት አልፏል፤ መልስ ያጓደልሁት እኔ ነኝና ወቀሳህን ሳትነግረኝ ተቀብያለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ካፋ ውስጥ ለሚሠራ መንገድ ቅየሳ መመደብህን እኅትህ ነግራኛለች፤ እኔም ከመሬት በታች ጎጆ ስለምትሠራው ትንሽ ንብ፣ ስለ ጣዝማ፣ የምነግርህ ጉዳይ አለኝ።

ባለፈው ሚያዝያ እዚህ ከቡራዩ ወደ መናገሻ በሚወስደው በኩል የሰፈራችን መንገድ ሲሰፋ፣ ግሬደሩ ከአጥሬ ማዶ ያለውን ገደል ሸርፎ አለፈ። አመሻሽ ላይ ስወጣ የጣዝማ ጎጆ ተከፍቶ፣ ትንንሾቹ የሰም እንስራዎች ፈርሰው፣ ቀጭኑ ማር ወደ አፈሩ ሲንጠባጠብ አገኘሁ። ለሳል መድኃኒት እየተባለ በውድ የሚሸጠውን ማር የሰፈር ልጆች በጣታቸው ላሱት። ሠራተኞቹን አልወቅስም፤ እኔ ራሴ በጉድጓዷ አጠገብ ስንት ዓመት ስመላለስ መኖሯን አላወቅሁም ነበር።

የቀፎ ንብ ቤቷ ሲነካ ትኮበልላለች፤ ጣዝማ ግን እንዲህ አታደርግም። እንቁላል መጣል የጀመረች ንግሥት ሆዷ አብጦ መብረር ስለማትችል ጎጆው ሲፈርስ አብራ ትቀራለች። አዲስ ጎጆ የሚመሠርቱትም ሰምና ማር ከእናት ጎጆ ያመላልሳሉና ርቀው አይሄዱም፤ ስለዚህ ከአንድ አካባቢ የጠፋች ጣዝማ ከሩቅ ተመልሳ ለመምጣት ብዙ ዘመን ይወስድባታል። መናደፊያ ስለሌላትም ኤክስካቫተሩን የሚያስቆም አንዳች ነገር የላትም።

አንተ የምትሄድበት ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ፣ የዱር ቡና የሚበቅልበት ነው። እዚያ ሰው ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ቀፎው ውስጥ የሚገባው መንጋ ግን ከደኑ የሚመጣ ነው፤ ነጩ ማርም ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኝ ነው። አንድ ትልቅ ጌተም ሲቆረጥ የሚጠፋው እንጨት ብቻ አይደለም። አለቆችህ ስለ ንብ መስማት ካልወደዱ ስለ ቡና ንገራቸው፤ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ንብ የጎበኘው ተክል የተሻለ ፍሬ ይይዛል።

መንገዱ አይሠራ አልልህም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን የወረድንበትን ሌሊት ሁለታችንም አንረሳውም። የምፈራው ከዋናው መንገድ ይልቅ ከእርሱ የሚወጡትን ቅርንጫፎች ነው። በብራዚል አማዞን ከተጨፈጨፈው ደን 95 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከመንገድ በ5.5 ኪሎ ሜትር ወይም ከወንዝ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንደሆነ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። አስፋልቱ የሚይዘው ስፋት ጥቂት ሜትር ነው፤ ተከትሎት የሚገባው መጋዝ ግን ወርዱን አይጠብቅም። ስለዚህ የድንጋይ ካባው፣ የአፈር ማውጫውና የሠራተኞች ካምፕ ከደኑ ውጭ ቢሆኑ፣ የሥራ መግቢያ መንገዶችም ሥራው እንዳለቀ ቢዘጉ መልካም ነው። (በመንጋ የማይኖሩ አንዳንድ ንቦች ለመንገድ በተቆረጠ ገደል ላይ ጎጆ መሥራታቸውን አውቃለሁ፤ ይህ ግን የጣዝማን ጉዳት አይክስም።)

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገ መሆኑን ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። ሰነዱ ትልልቁን ዛፍ ይቆጥር ይሆናል፤ ከመሬት በታች ያለውን ግን ማር ቆራጭ ካልተጠየቀ ማን ይቆጥረዋል? ችካል ከመትከልህ በፊት ሁለት አዛውንት ማር ቆራጮች ይዘህ መሥመሩን በእግርህ ተጓዝ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ተቀምጠው ትንንሾቹ ንቦች ወዴት እንደሚገቡ ያያሉ፤ ከዚያም መተላለፊያው እንዳይጠፋባቸው ቀጭን ሰንበሌጥ አስገብተው እርሱን እየተከተሉ ይቆፍራሉ። መሥመሩን አሥር ሜትር ማዞር ከቻልህ አዙረው፤ ካልቻልህም ጎጆው በበጋ ሳይሰበር ወጥቶ በሳጥን የሚዛወርበትን መንገድ ሆለታ ካለው የንብ ምርምር ማዕከል ጠይቅ።

ቅየሳው በየትኛው ወር እንደሚጀመር ቶሎ ጻፍልኝ። ክረምቱ ከገባ ቁፋሮው አይሆንም፤ ከጠራኸኝም ከጥር በፊት ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

አክባሪ ወዳጅህ