ኤንክሌክስን በድብቅ መውሰድ ይቅር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ባሉ ነርሲንግ ሆሞች ማታ ማታ አረጋውያንን ከሚንከባከቡት ወገኖቻችን መካከል አገር ቤት በነርሲንግ ዲግሪ የተመረቁ፣ ዎርድ ይዘው የሠሩ አሉ። እዚህ የሚሠሩት ግን በሲኤንኤነት፣ ማለትም በረዳት ነርስነት ነው። ትራንስክሪፕታቸው ከአገር ቤት መጥቶ፣ ተገምግሞ ካለቀ በኋላም ከፊታቸው የሚቆም አንድ ፈተና አለ፤ ኤንክሌክስ፣ የአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ፈተና። እኔም በዚያው መንገድ አልፌ ነው ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት የምሠራው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳዝነኝ ነው። ልጆቻችን ይህን ፈተና ተደብቀው ነው የሚወስዱት።

የፈተናውን ቀን ለማንም አይናገሩም። አንዳንዷ ለባሏ ብቻ ትነግራለች፤ በየሌሊቱ አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ እንኳ አታውቅም። “ሰው ከሰማ ይበላሽብኛል”፣ “ብወድቅስ ምን ይሉኛል” ነው ነገሩ። ፍርሃቱ ይገባኛል። በእኛ መካከል ወሬ ይሮጣል፤ “እከሊት እኮ ወደቀች” ለማለት የሚቸኩል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ፈተና ለብቻ ተቀምጦ በሽምደዳ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አራት ሕመምተኞች አሉሽ፤ መጀመሪያ ማንን ታያለሽ? አንዱ ትናንት ኦፕራሲዮን ሆኖ ሕመሙ ስለጠናበት ይጮኻል። አንዷ ወደ ቤቷ ለመሄድ ወረቀቷን እየጠበቀች ነው። አንዱ ስኳር አለበት፣ ምሳው ዘግይቷል። አንዷ አስም አለባት፤ ቅድም ሲያፏጭ የነበረው ደረቷ አሁን ድምፁ ጠፍቷል። ብዙዎቻችን ወደሚጮኸው እንሮጣለን። መልሱ አስም ያለባት ናት። ፉጨቱ የጠፋው አየር መግባትና መውጣት እያቆመ ስለሆነ ነው። አስም ምን እንደሆነ አገር ቤት ጠንቅቀን ተምረናል። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ማንን እንደምናስቀድም ነው።

ሌላው ደግሞ የሥራ ክፍፍል ጥያቄ ነው። የትኛውን ሥራ ለሲኤንኤ ትሰጫለሽ፣ የትኛውን ራስሽ ትሠሪያለሽ? አገር ቤት ሕመምተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው ብዙውን ጊዜ አስታማሚው ነው። እናት ወይም ወንድም ከአልጋው ሥር ጋቢ ለብሶ ያድራል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለእኛ ባዳ ነው። ደግነቱ ሲኤንኤ ሆኖ የሠራ ልጅ ምን እንደሚታዘዝና ምን እንደማይታዘዝ በእጁ ያውቀዋል። ይህን የሚያስታውሰው ሰው ግን ከጎኑ ያስፈልገዋል። ለብቻው የሚያጠና ሰው ትክክል ያልሆነውን መልስ ያይና ያልፋል። በቡድን ሲሆን “ለምን እሱን መረጥሽ?” የሚል ይኖራል፤ ስታስረጂ ስህተቱ የቱ ጋ እንደገባ ይታይሻል።

መደበቁ ሌላም ጣጣ አለው። የሚጠይቁት ሰው ከሌለ ወሬ ይታመናል። “ኮምፒውተሩ ከ85 ጥያቄ ካለፈ ወድቀሻል” የሚለውን የማያምን ጥቂት ነው። ውሸት ነው። ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄ አለው፤ የሚሰጠው ጊዜ 5 ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ እንደ እያንዳንዱ ተፈታኝ አቅም ጥያቄ ይመርጣል። ማለፍሽን ወይም መውደቅሽን በደንብ ሲያረጋግጥ ያቆማል፤ ካላረጋገጠ ይቀጥላል። 86ኛው ጥያቄ ሲመጣ ልብሽ እንዳይወድቅ ይህን አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። ጥያቄው በየሰዉ አቅም ስለሚመረጥ፣ በቴሌግራም “ያለፈው ፈተና” እየተባለ በሚሸጠው ገንዘባችሁን አትጣሉ። ከዘመድ የተወረሰውንም መጽሐፍ ዓመቱን እዩት። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ፈተናው ተቀይሯል፤ የአንድ ሕመምተኛን ታሪክ ይዞ ስድስት ጥያቄ የሚያስከትል ክፍል ገብቶበታል።

ስለ መውደቅም በግልጽ እናውራ። የወደቀ ሰው ከ45 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ የፈተናውን ክፍያ 200 ዶላር እንደገና መክፈል ግድ ነው። ከውጤቱ ጋር በየትኛው የትምህርት ክፍል ከማለፊያው በላይ፣ አካባቢው ወይም በታች እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ይደርሰዋል። ያ ወረቀት ወርቅ ነው። የቀጣዩ ጥናት ከየት እንደሚጀምር ይናገራል። የደበቀች ልጅ ግን መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች፤ ያለፈች ጓደኛዋ አይታው “መድኃኒቱን ተይው፣ እሱን ጨርሰሻል፤ የኢንፌክሽን መከላከሉን ያዥ” ልትላት ስትችል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችን ይህንንም ይጨምራል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ደብል ሺፍት ሠርታ፣ ለአገር ቤት ልካ፣ ልጆች አስተኝታ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት መጽሐፍ የምትገልጥ ሴት ምን ያህል ታጠናለች? ፈተናው እስኪያልፍ የሁለት ወር ዕፎይታ ስጧት። አገር ቤት ያላችሁም የሚላከው ገንዘብ ለጥቂት ጊዜ ቢቀንስ አትቀየሙ። ያለፍን ነርሶች ደግሞ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት መስጠት አያቅተንም። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አዳራሾች ከሥርዓቱ ውጪ ባዶ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የስብሰባ ክፍል በነፃ የሚሰጡ አሉ።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኪራይ ቤት፣ የሥራ ቅጥርና የሐዘን ማስታወቂያ በምታወጡበት ገጽ ላይ፣ የኤንክሌክስ ጥናት ቡድኖች ቦታና ሰዓት የሚወጣበት ትንሽ ቦታ በነፃ ስጡን። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ እኔ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ነርስ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ