ጓሳን ያቆየው አጥር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ዘበኛና አጥር ነው። ገበሬው ይውጣ፣ ከብቱ ይባረር፣ ያኔ አውሬው ይድናል። ይሄ ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም። ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ መንዝ ጓሳን ማየት ይበቃል።

ለማያውቀው፣ ጓሳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ውርጫም ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ጅብራ የሚባለው ተክል የሞላበት። ስሙም የሣሩ ስም ነው። የመንዝ ሰው በጓሳ ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ገሳ ሠርቶ ዝናብ ያመልጥበታል።

ታዲያ እንዲህ የሚፈልገው ሕዝብ ሣሩን እንዴት ሳይጨርሰው ቀረ? በቄሮ ሥርዓት ነው (የፖለቲካውን ማለቴ አይደለም)። የአገሩ የጥንት አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች የሆኑት ባለ አጽመ ርስቶች (መሬቱን በዘር የወረሱት) አለቃ ይመርጡ ነበር፣ ጓሳው ይዘጋ ነበር፣ አንዳንዴ ለሦስት አንዳንዴም ለአምስት ዓመት፣ እስኪከፈት ድረስ ማጨድም ሆነ ከብት ማስገባት ክልክል ነበር። ሣሩ ደረሰ ሲባል ቀን ይቆረጥና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። ክረምት ሳይገባ መልሶ ይዘጋ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተኖረው እንዲህ ነው።

ደግ ዘመን ነበር ልል አይደለም። ከዘሩ ያልሆነ ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን አድልዎ ማንሳቱ ተገቢ ነበር። ጥፋቱ ሥርዓቱ ሲነሳ የሚተካው አለመኖሩ ነው። የሁሉም ሲባል የማንም ሆነና ያለ ወቅቱ ማጨድ፣ ያለ ልክ ማጋጥ መጣ። ኋላ ላይ ሕዝቡ ራሱ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው፣ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል። ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ያዩት ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቀበሮው ጭላዳ መንጋ መሀል ረጋ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል፣ እነሱም አይሸሹትም። ብቻውን ሲያድን ከመቶው ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ ከጭላዳ ጋር ሲሆን 67 ይደርሳል። ሣሩ ከሌለ ግን አይጡም የለም፣ ጭላዳውም የሚግጠው የለውም።

አሁን የሚያሳስበኝ ቆርቆሮ ነው። አልቀለድኩም። ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ገሳውን ላስቲክ ከተካው፣ ገበሬው ሣሩን የሚጠብቀው ለማን ብሎ ነው? መሬት ያጣ የመንዝ ወጣት «እዚያ ገብስ ቢዘራ አይሻልም?» ቢል አልፈርድበትም፤ ከቱሪስቱ የሚገኘው ገንዘብ ቤቱ ካልደረሰ ምን ይበል?

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛ ላኩልን። የቀበሮ ፎቶ አንስቶ ብቻ አይመለስ፤ ጎብኚ ከሚከፍለው ላይ ለጠባቂው ቀበሌ ስንት እንደሚደርስና በምን ላይ እንደሚውል ጠይቆ ያምጣልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን