ክዳኑ ይቅር፣ ጣሪያ ይሠራለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ደብረ ብርሃንና ደባርቅን በመሰሉ ከ2,800 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት አመዳይ ይወርዳል። የመንገድ ዳር የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ግን ለቆላውም ለደጋውም በአንድ ልክ ይሠራል። ይህ መስተካከል አለበት።

ትልቁ ጥፋት ክዳኑ ነው። ላሜራ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከእንጨት ከ100 እጥፍ በላይ ስለሆነ የእጅን ሙቀት ወዲያው ይወስዳል። በጠራ ሌሊት ከአየሩም በታች ስለሚቀዘቅዝ ጤዛውና አመዳዩ ቀድሞ የሚይዘው እሱን ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ያን እርጥብ ብረት የሚያነሳ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ፌስታሉን ከሥሩ አስቀምጦ ያልፋል፤ ውሻ ይበትነዋል። ሕዝቡን በዚህ መውቀስ አይገባም። በእግር የሚረገጥ ፔዳልም አያዛልቅም፤ ክረምት ጭቃ ይይዘዋል፣ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው።

አፉ ክፍት ሆኖ ከበላዩ ቋሚ ጣሪያ ይሠራለት። ጣሪያው ከአፉ ዙሪያውን 10 ሴ.ሜ ይውጣ፣ ወደ ኋላ ያዘንብል። በመካከላቸው 25 ሴ.ሜ ክፍተት ይበቃል፤ ከሰፋ የነሐሴ ዝናብ ይገባል፣ ከጠበበ ሰው ፌስታሉን በእጁ ለመግፋት ይገደዳል። አፉ ከመሬት 80 ሴ.ሜ ከፍ ቢል ልጅም ይደርስበታል።

ሁሉም ፕላስቲክ ይሁን የሚሉ አሉ። በብርድ አገር የከሰል ምድጃ አመድ ከነፍሙ ስለሚደፋበት ይቀልጣል። ውስጡ የ1 ሚ.ሜ ላሜራ ባልዲ፣ ውጪው የባሕር ዛፍ ጣውላ ሆኖ በመካከላቸው 5 ሴ.ሜ ክፍተት ይኑር። እርጥብ ጣውላ በሚስማር ከተመታ በኋላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በጥላ ደርቆ፣ ተበስቶ በብሎን ይታሰር።

ባልዲው 60 ሴ.ሜ ቁመት፣ ከላይ 45፣ ከታች 38 ሴ.ሜ ስፋት ይኑረው። 80 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ለማንሳት ይከብዳል። ጎኑ ቀጥ ያለ ከሆነ እርጥብ ልጣጭና አተላ ሌሊት ከላሜራው ጋር ይጣበቃል፣ ሲገለበጥ አይወርድም። በዱላ ሲደበደብ ቀለሙ ይላጣል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ወለሉ ላይ 10 ሚ.ሜ ስፋት ያላቸው አምስት ቀዳዳዎች ይበሱ፣ ማጠራቀሚያው በ15 ሴ.ሜ እግር ይቁም፤ ውኃ ከተኛበት ከሥሩ ይበሰብሳል።

ባልዲው የሚወጣው በኋላ በር ነው። የበሩ ማጠፊያ ከጎማ ቁራጭ ቢሠራ አይዝግም። የባልዲው እጀታ ላይ አሮጌ ከመነዳሪ ይጠምጠምበት። አላፊው ማጠራቀሚያውን ባይነካውም የጽዳት ሠራተኛዋ ገና ሳይነጋ በየመንገዱ የምትጨብጠው ይህን እጀታ ነው፤ ጓንቷም ከሁለተኛው ባልዲ በኋላ እርጥብ ነው።

የጽዳትና የብረታ ብረት ሥራ ባለሙያዎች